ግሬግ ማደክስ፦ ኳስ በመርፌ ቀዳዳ ያሾልክ ስለነበረው ፒቸር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ስለ ቤዝቦል ሲነሳበት መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ "ያ የማያልቀው ጨዋታ?" እኔም እንዲሁ እል ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የአንድ ሰው አወራወር ነው። ጡንቻ የለውም። ከሜዳ ውጭ በመነጽር ስታዩት የሒሳብ አስተማሪ ይመስላል። ስለ እሱ ማውራት ስጀምር ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ማደክስ ማን ነው?

ከ1986 እስከ 2008 ድረስ፣ ለ23 የውድድር ዘመን፣ በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ የወረወረ ቀኝ እጅ ፒቸር ነው። 355 ጨዋታ አሸንፏል። ከእሱ በላይ ያሸነፉት ሰባት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከሰባቱ ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተጫወተው አንዱ፣ ዋረን ስፓን ብቻ ነው። የቀሩት የአያቶች ዘመን ሰዎች ናቸው።

የተወለደው በ1966 ቴክሳስ፣ ሳን አንጀሎ ነው። አባቱ የአየር ኃይል ባልደረባ ስለነበሩ ከልጅነቱ ከፊሉን ስፔን፣ ማድሪድ አሳልፏል። ያደገውና ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰው ግን ዛሬ የእኛ ሰው በሞላባት ላስ ቬጋስ ነው።

ቤዝቦል ጭራሽ አላውቅም። ፒቸር ምንድን ነው የሚሠራው?

ፒቸሩ ኳስ ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ሊመታት ይሞክራል። በመሀላቸው 18.44 ሜትር አለ። መቺው እግር ሥር መሬት ላይ ነጭ ሰሌዳ ተነጥፏል፤ ሆም ፕሌት ይሉታል፤ ስፋቱ 43 ሴንቲሜትር ነው። ከሰሌዳው በላይ፣ ከመቺው ጉልበት እስከ ደረቱ አካባቢ ያለውን አየር መስኮት ነው በሉት። ስሙ ስትራይክ ዞን ነው።

ኳሷ በመስኮቱ ካለፈች ስትራይክ ነው። መቺው ሰንዝሮ ከሳታትም ስትራይክ ነው። ሦስት ሲሞላ መቺው ይወጣል። ኳሷ ከመስኮቱ ውጭ ካለፈችና መቺው ካልሰነዘረ ደግሞ "ቦል" ትባላለች። አራት ቦል ሲሞላ መቺው ዱላውን ጥሎ፣ ዘና ብሎ በእግሩ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ይሄዳል፤ ቤዝ ማለት ሯጭ ነጥብ ለማስቆጠር በየተራ የሚዞርበት ማረፊያ ነው። ይህ ዎክ ነው። ለፒቸር ዎክ መስጠት ማለት በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ መተኛት ማለት ነው።

ሦስት ሰው ሲወጣ የቡድኑ ተራ ያልቃል። እያንዳንዱ ቡድን ዘጠኝ ተራ አለው። ተራው ኢኒንግ ይባላል። ለዛሬ ይኼ ይበቃል።

"ኮንትሮል ያለው ፒቸር" ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ኳሷን መስኮቱ ውስጥ ማስገባት ይመስለዋል። እሱማ ቀላሉ ነው። መሀል ለመሀል የገባች ኳስ ለመቺው የተቀመጠችለት ምሳ ናት። ተመትታ ተመልካች መሀል ነው የምትወድቀው።

ቁም ነገሩ ጠርዙ ላይ ነው። የኳሷ ውፍረት ሰባት ሴንቲሜትር ምናምን ነው። ማደክስ ጠርዙን አስታክኮ ያሳልፋታል። ዳኛው "ስትራይክ" ይላል። ቀጥሎ ያችኑ የምትመስል፣ ግን በአንድ ኳስ ስፋት ወጣ ያለች ይልካል። መቺው ቅድም አመለጠችኝ ብሎ ተናዷል፤ አሁን ይሰነዝራል። የዱላው ጫፍ ብቻ ይነካታል። ኳሷ መሬት ለመሬት እየተንከባለለች ተከላካዮቹ እጅ ትገባለች። ወጣ።

አንዷን ውርወራ ቀረብ ብለን እንያት። ግራኝ መቺ ቆሟል። ኳሷ ከማደክስ እጅ ወጥታ ቀጥ ብላ ወደ ዳሌው ትመጣበታለች። መቺው ሳያስበው ሆዱን ሰብስቦ ወደ ኋላ ይላል። መጨረሻዋ ላይ ኳሷ ትታጠፍና በውስጠኛው ጠርዝ ታልፋለች። የዳኛው እጅ ይነሳል። መቺው ሆዱን እንደሳበ ነው፤ ዱላው ትከሻው ላይ ነው፤ ጉዳዩ ግን አልቋል። ይህች ውርወራ ቱ ሲም ትባላለች። ሁለቱ ጣቶች ስፌቱ በሚጠብበት በኩል ተጋድመው ነው የምትወረወረው። ብዙ ፒቸር ይወረውራታል። ግራኝ መቺ ዳሌ ላይ አነጣጥሮ፣ ተመልሳ ትገባለች ብሎ ተማምኖ የሚለቃት ግን ጥቂት ነው። ትንሽ ከሳተ ወይ ሰው ይመታል፣ ወይ መሀል ትገባለች።

ፍጥነቱ ስንት ነበር?

በደህናው ዘመኑ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ አንዳንዴ ትንሽ ከፍ ይላል። ዕድሜው ሲገፋ ከዚያም ወርዷል። የዘመኑ ሰው ራንዲ ጆንሰን 160 ያደርስ ነበር። በዛሬው ሊግማ 140 ብቻ የሚወረውርን ወጣት ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ታዲያ ለምን አይመቱትም?

ማደክስ ራሱ የሚሰጠውን ማብራሪያ እወደዋለሁ። አውራ ጎዳና ዳር ቆማችሁ ከሩቅ የሚመጣ መኪና እዩ። መኪና መሆኑን ታውቃላችሁ። በ80 ይምጣ በ95 ግን ዓይን አይለየውም። መቺውም እንደዚያው ነው። ኳሷ ስትወጣ ሁሌ አንድ ዓይነት ከመሰለችው ፍጥነቷን አያውቅም።

ስለዚህ የማደክስ ሙያ ማመሳሰል ነበር። ፈጣኗም ዘገምተኛዋም ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት የክንድ እንቅስቃሴ ይወጣሉ። መንገዳቸውን እስኪያጋምሱ መንታ ናቸው። ከዚያ አንዷ ወደ ግራ፣ አንዷ ወደ ቀኝ፣ አንዷ ወደ ታች ትሄዳለች። ቼንጅአፕ የምትባለዋ ደግሞ ዝም ብላ ትዘገያለች። መቺው ፈጣኗ መስላው ይሰነዝራል። ኳሷ ግን ገና አልደረሰችም። በጨለማ ደረጃ ሲወርድ "አንድ ይቀረኛል" ብሎ እግሩን አየር ላይ እንደሰደደ ሰው ይሆናል።

ይህን ከየት ተማረው?

ላስ ቬጋስ ውስጥ ራልፍ ሜደር የሚባሉ የቀድሞ ተጫዋች መልማይ ነበሩ። ልጆች ያሠለጥኑ ነበር። ለልጁ ማደክስ የሰጡት ምክር ፍጥነቱን ተወውና ኳሷን አንቀሳቅሳት የሚል ነበር። በዚያ ዕድሜ ላለ ልጅ ይህ መራራ ምክር ነው። ሁሉም በኃይል መወርወር ነው የሚፈልገው። እሱ ሰማ።

በ1984 ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ ቺካጎ ከብስ በሁለተኛው ዙር ወሰደው። ገና ቀጭን ልጅ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ማይክም ፒቸር ነው። በሴፕቴምበር 1986 ሁለቱ ጀማሪዎች ከብስና ፊላደልፊያ ሲጋጠሙ ፊት ለፊት ተገናኙ። ታናሹ አሸነፈ። እናታቸው ያን ቀን ለማን እንዳጨበጨቡ እግዚአብሔር ይወቅ።

ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር?

በፍጹም። ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህንን ነው። በ1987 ሙሉ ዘመን ሲጀምር 6 አሸንፎ 14 ተሸነፈ። 156 ኢኒንግ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 74 ዎክ ሰጠ። በዘጠኝ ኢኒንግ የሚሰጠው የነጥብ አማካይ 5.61 ነበር። ይህ ቁጥር ሲያንስ ነው የሚያምረው፤ ከ5 በላይ ከሆነ ሥራህን ልታጣ ነው ማለት ነው።

አሁን ከአሥር ዓመት በኋላ ያለውን እዩ። በ1997 ወደ 233 ኢኒንግ ወረወረ። የሰጠው ዎክ 20 ነው። ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱ ቡድኑ አደገኛ መቺ ለመሸሽ ሆን ብሎ ያዘዘው ነው። የራሱ ጥፋት 14 ብቻ። ያው ሰው፣ ያው ክንድ። በክንዱ የተወለደ ነገር ቢሆን ኖሮ 1987 ላይም ይታይ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ የተለወጠው ድፍረቱ ነው። ዎክ የሚበዛው ፒቸር ብዙ ጊዜ መቺውን የሚፈራ ነው፤ ይሸሻል፣ ይሸሻል፣ አራት ቦል ይሞላል። ማደክስ መመታትን መፍራት አቆመ። ይምቱት፤ ግን እሱ በፈለገበት ቦታ ይምቱት።

በነገራችን ላይ ለውጡ አሥር ዓመት አልፈጀም። በ1988 18 አሸነፈ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስከ 2004 ድረስ፣ 17 ዘመን በተከታታይ፣ ቢያንስ 15 ጨዋታ አሸንፏል። ይህ እስከ ዛሬ ማንም ያልደረሰበት ነው።

ለምን ቺካጎን ለቆ አትላንታ ሄደ?

በ1992 የዓመቱ ምርጥ ፒቸር የሚሸለመውን ሳይ ያንግ አሸነፈ፤ ውሉም አለቀ። ከከብስ ጋር በገንዘብ አልተስማሙም። የኒውዮርክ ያንኪስ 34 ሚሊዮን ዶላር አቀረበለት። እሱ ግን በ28 ሚሊዮን፣ በአምስት ዓመት ውል፣ አትላንታ ብሬቭስን መረጠ። እዚያ ቶም ግላቪንና ጆን ስሞልትዝ ነበሩ። ሦስቱም በኋላ የቤዝቦል ታላላቆች የሚከበሩበት የዝና አዳራሽ ገቡ። ስድስት ሚሊዮን ትቶ መሄድ ለእኔ አይነት ሰው ይከብዳል።

ምርጥ ዘመኑ የትኛው ነው?

ከ1992 እስከ 1995። አራት ሳይ ያንግ በተከታታይ ወሰደ። ከእሱ በፊት ማንም አላደረገውም፤ በኋላ ራንዲ ጆንሰን ደገመው።

በ1994 የነጥብ አማካዩ 1.56 ነበር። የሊጉ የሌሎች አማካይ ከ4 በላይ በነበረበት ዓመት ነው። ያ ዘመን በተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ ኦገስት ላይ ተቋረጠ። በቀጣዩ ዓመት 19 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸነፈ። አማካዩ 1.63።

በዚያው 1995 ብሬቭስ ለዋንጫ ከክሊቭላንድ ጋር ተጋጠመ። ክሊቭላንድ ከ144 ጨዋታ 100 ያሸነፈ፣ ዱላው የሚያስፈራ ቡድን ነበር። የመጀመሪያውን ጨዋታ ማደክስ ዘጠኙንም ኢኒንግ ወረወረ። ሁለት ብቻ መቱት። ዎክ የለም። ውጤቱ 3 ለ 2። የገቡበት ሁለቱም ነጥቦች ከጓደኞቹ ስህተት የመጡ ተብለው ነው የተመዘገቡት። ብሬቭስ ዋንጫውን 4 ለ 2 ወሰደ። የማደክስ ብቸኛ ዋንጫ ይህ ነው።

በ80 ውርወራ ሙሉ ጨዋታ ጨርሷል ይባላል። እውነት ነው?

እንዲያውም ከ80 ባነሰ። ጁላይ 22 ቀን 1997፣ በቀድሞ ቡድኑ በከብስ ላይ። ዛሬ ብዙ ፒቸር 80 ሲደርስ አምስተኛው ኢኒንግ ላይ ነው፤ አሠልጣኙም ስልኩን አንስቶ ተተኪ ማሟሟቅ ጀምሯል።

ስሙ ራሱ ቃል ሆኗል። ከ100 ባነሰ ውርወራ ሙሉ ጨዋታ ጨርሶ አንድም ነጥብ ያልገባበት ፒቸር "ማደክስ ሠራ" ይባላል። እሱ 13 ጊዜ ሠርቶታል። የውርወራ ቆጠራ በአግባቡ መመዝገብ ከጀመረበት ከ1988 ወዲህ የሚስተካከለው የለም።

ምን ያህል ጊዜ ዎክ ሳይሰጥ ቆይቷል?

በ2001፣ 72 ኢኒንግ ከአንድ ሦስተኛ። ከትልቁ ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ በሆነው በብሔራዊ ሊግ የነበረውን ክብረ ወሰን ሰበረ። የቆመውም ኦገስት 12 ላይ፣ መቺውን ስቲቭ ፊንሊን ሆን ብሎ በዎክ እንዲያሳልፍ ታዞ ነው። አስቡት፤ ከአቅም ማነስ ሳይሆን በትዕዛዝ።

የሙሉ ዕድሜው ድምር ደግሞ 999 ነው። ከ5,000 ኢኒንግ በላይ ወርውሮ 3,371 መቺ በስትራይክ አስወጥቶ፣ ዎኩ ሺህ ሳይሞላ ጡረታ ወጣ።

ዳኞች ያዳሉለት ነበር የሚባለውስ?

ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም። ተቃዋሚዎች የሚሉት ማደክስና ግላቪን ከሰሌዳው ወጣ ያለች ኳስ ሁሉ ስትራይክ ይባልላቸዋል ነው። እኔ በግማሹ እስማማለሁ። ዳኛም ሰው ነው። ካቸሩ፣ ማለትም ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳሷን የሚቀበለው ተጫዋች፣ ጓንቱን አንድ ቦታ ዘርግቶ ኳሷ አሥር ጊዜ እዚያው ከገባች፣ ጓንቱ ካልተነቃነቀ፣ ዳኛው "ይህ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል" ይላል። አሥራ አንደኛዋን በሁለት ጣት ወጣ ብትልም ይሰጠዋል። ጉቦ አይደለም። በዱቤ እንደሚሸጥ ባለ ሱቅ ነው፤ ከፋይ መሆኑን ያወቀው ደንበኛ ይወስዳል።

ግን ዱቤው አንድ ቀን ዞሮበታል። ኦክቶበር 12 ቀን 1997፣ የሊጉ የፍጻሜ ተከታታይ አምስተኛ ጨዋታ ነው። በፍሎሪዳ ማርሊንስ በኩል የሚወረውረው ወጣቱ ኩባዊ ሊቫን ሄርናንዴዝ ነበር። ኤሪክ ግሬግ የተባለው ዳኛ ያን ቀን መስኮቱን አሰፋው፤ በር አደረገው ብል ይቀላል። ከሰሌዳው በጣም የራቀች ኳስ ሳትቀር ስትራይክ ተባለች። ሄርናንዴዝ 15 ሰው በስትራይክ አስወጣ። የመጨረሻው ፍሬድ ማክግሪፍ የተባረረባትን ኳስ ዛሬም ቪዲዮዋን እያዩ የሚስቁ አሉ። ማርሊንስ 2 ለ 1 አሸነፈ። የተሸነፈው ፒቸር ማን ነው? ማደክስ።

ሊቋቋመው የቻለ መቺ አለ?

አለ። የሳንዲያጎው ቶኒ ግዊን። ከመቶ ጊዜ በላይ ተፋጥጠዋል። ማደክስ አንድም ጊዜ በስትራይክ አላስወጣውም። ግዊን በእሱ ላይ ያለው አማካይ ከ.400 በላይ ነው፤ ማለትም ከአሥር አራቱን ይመታዋል። ሌላው መቺ ከአሥር ሦስት ከመታ ጎበዝ ይባላል። ግዊንም እንደ ማደክስ የሚያስብ ሰው ነበር። ሌባን የሚያውቀው ሌባ ነው ይሉ የለ።

"ፕሮፌሰሩ" የሚባለው ለምንድን ነው?

ጨዋታ ስለሚያነብ። የቡድን ጓደኞቹ የሚያወሩት አንድ ታሪክ አለ። ማደክስ ተጠባባቂዎች ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ነው። ሆሴ ሄርናንዴዝ የሚባለው መቺ እግሩን ትንሽ አንቀሳቅሶ ቆመ። ማደክስ "ለመጀመሪያው ቤዝ አሠልጣኝ አምቡላንስ ሳያስፈልግ አይቀርም" አለ። ቀጣዩ ምት ተወንጭፎ የአሠልጣኙን ደረት መታው። ሲነገር ተጋንኖ ሊሆን ይችላል። አብረውት የተጫወቱት ግን ይምላሉ።

ሁለተኛው ቅጽል ስሙ "ማድ ዶግ" ነው። ፊቱን ላየ ሰው አይመስልም። ሲወረውር ግን አፉን ማንበብ የሚችል ልጅ አጠገባችሁ እንዳታስቀምጡ።

ድክመት አልነበረውም?

ነበረው። ቤዝ ላይ ያለ ሯጭ ሲሰርቅበት፣ ማለትም እሱ ሲወረውር ሮጦ ቀጣዩን ቤዝ ሲይዝበት፣ ብዙም ግድ አይሰጠውም። ትኩረቱ መቺው ላይ ነው። በዚያው በ1995 ጨዋታ የክሊቭላንዱ ኬኒ ሎፍተን ገና በመጀመሪያው ኢኒንግ ሁለት ቤዝ ሰረቀበት። በጥሎ ማለፍም እንደ መደበኛው አልሆነለትም፤ 11 አሸንፎ 14 ተሸንፏል። የብሬቭስ ዱላ ጥሎ ማለፉ በሚካሄድበት በኦክቶበር ይቀዘቅዝ እንደነበር ግን አትርሱ።

ኳስ በመያዝ ደግሞ ማንም አይደርስበትም። ጎልድ ግለቭ የሚባለውን የመከላከል ሽልማት 18 ጊዜ ወስዷል። በየትኛውም ቦታ የተጫወተ ሰው ይህን ያህል አልወሰደም።

አወጣጡ እንዴት ነበር?

በ2004 ወደ ከብስ ተመልሶ 300ኛ ድሉን ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አገኘ። ከዚያ ዶጀርስ፣ ፓድሬስ፣ እንደገና ዶጀርስ። 355ኛውን ድል ያገኘው በመጨረሻው ዘመኑ፣ በ2008፣ 42 ዓመቱ ነበር። በዲሴምበር በቃኝ አለ። ከብስም ብሬቭስም 31 ቁጥሩን ለማንም እንዳይሰጥ ሰቀሉት።

በ2014 ኩፐርስታውን የሚገኘው የዝና አዳራሽ ገባ። ከ571 መራጮች 555ቱ ድምፅ ሰጡት። የቀሩት 16 ምን ቢያዩ ነው? ግላቪንና አሠልጣኙ ቦቢ ኮክስ አብረውት ገቡ። የነሐስ ምስሉ ላይ ያለው ኮፍያ ግን የማንም ቡድን ምልክት የለውም። ከቺካጎና ከአትላንታ አንዱን ላለማስቀየም ነው።

አንድ ጨዋታ ብቻ ልይ ብል የቱን?

የ1995ቱን የዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታ። ሙሉው ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ስታዩ ኳሷን አትከተሏት፤ ታመልጣችኋለች። ማደክስንም ተዉት። ካቸሩ ጓንቱን የት እንደዘረጋ እዩ፣ ከዚያ ጓንቱ ላይ ብቻ አፍጥጡ። ስንት ጊዜ እንደተነቃነቀ ቁጠሩ።